ከቦሌ እስከ ድሬዳዋ፦ 343 ኪሎ ሜትሩ ለምን አንድ ሰዓት ይፈጃል?

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ድሬዳዋ በአየር ስንት ነው ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው አንዱ ገጽ 343፣ ሌላው 213፣ ሦስተኛው ደግሞ 185 ይለዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው በተለመደው የየብስ ማይል፣ ሦስተኛው በባሕር ማይል የተሰላ ነው። አንድ የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው። ስሙ የመርከበኞች ይሁን እንጂ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችም የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ ካርታ ላይ የአንድ ዲግሪ ኬክሮስ ስድሳኛ ክፍል ስለሆነ ለስሌት ይመቻል።

ርቀቱ እንዲህ በቀላሉ ይታረቃል። የማይታረቀው ጊዜው ነው። አንዳንዱ ገጽ በረራው 26 ደቂቃ ይፈጃል ይላል፤ ሌላው 56 ደቂቃ፤ ትኬቱ ላይ ያለው ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ያየ መንገደኛ «26 ደቂቃ የሚበቃውን መንገድ ለምን አንድ ሰዓት ያበሩናል?» ቢል አይፈረድበትም። 26 ደቂቃው የተገኘው 343ን ለ800 በማካፈል ነው። ስሌቱ ላይ ስህተት የለም፤ ችግሩ በዚያ መስመር ላይ አውሮፕላን ከመነሻ እስከ መድረሻ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበርርበት ቀን አለመኖሩ ነው። 56 ደቂቃ የሚለው ገጽ ለመነሳትና ለማረፍ ብሎ ግማሽ ሰዓት በጅምላ ጨምሯል። ይኸኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ግማሽ ሰዓቱ የት እንደገባ ግን አይነግረንም።

በመጀመሪያ መስመሩን እንየው። 343 ኪሎ ሜትር የሚባለው በምድር ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ነው። መሬት ክብ ስለሆነች መስመሩም ቅስት ነው፤ በዚህ ርቀት ግን ቅስትነቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከቦሌ እስከ ድሬዳዋ መሬቱን በስቶ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ዋሻ ቢቆፈር ከላይኛው መንገድ የሚያጥረው በ40 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የመሬት ክብነት የሚያሳስበው ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቤጂንግ ለሚበርር ሰው ነው፤ ለእኛ መስመር ይቅር።

መስመሩ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ምስራቅ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን የሚያዘነብለው በጥቂቱ ነው። ሚንጃርን አቋርጦ አዋሽ ከተማን በስተ ሰሜን ያልፍና ከሚኤሶ በኋላ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ በአፍደምና በኤረር በኩል ድሬዳዋ ይደርሳል። ሰማዩ የጠራ ከሆነ ሲሄዱ በቀኝ በኩል፣ ሲመለሱ በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ተራራ ከነአፉ፣ ከዚያም የጨርጨርን ሰንሰለት ያያል። በሌላው በኩል ያለው የአፋር ሜዳ ነው፤ እሱንም የሚወድ አለ።

በመኪና ያለው መንገድ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአየሩ አንድ ጊዜ ተኩል መሆኑ ነው። ልዩነቱን ያመጣው መልክዓ ምድሩ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምስራቅ ወደ አዳማ ይወርዳል፣ ከዚያ አቅጣጫውን ለውጦ አዋሽን ይሻገራል፤ በቆላው ያልሄደ ደግሞ አሰበ ተፈሪ ላይ ተራራ ወጥቶ፣ በቁልቢ አድርጎ፣ ደንገጎ ላይ እንደገና ይወርዳል።

አሁን ወደ አንድ ሰዓቱ። በመስመሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበርረው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው እንበል። ይህ አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲበርር በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት 343 ኪሎ ሜትር 31 ደቂቃ ነበር። ትኬቱ ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ የሚንቀሳቀስበት ነው፤ የመድረሻው ሰዓትም ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሞተር የሚያጠፋበት ነው። አየር መንገዶች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ቦሌ ላይ ሞተር ማስነሳት፣ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ መንዳት፣ ከፊት ያሉት እስኪነሱ ተራ መጠበቅ ሁሉ በአንድ ሰዓቱ ውስጥ ነው። ቦሌ ሥራ የሚበዛበት ማረፊያ ነው። በተለይ ከውጭ የመጡት አውሮፕላኖች እንደገና በሚወጡበት ሰዓት የአገር ውስጡ በረራ ከግዙፎቹ መሀል ገብቶ ይሰለፋል። ለዚህ ሁሉ ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ መያዝ የተጋነነ አይደለም።

ከዚያ መውጣቱ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል 2330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። የጉዞው ከፍታ 7000 ሜትር ገደማ ቢሆን አውሮፕላኑ 4700 ሜትር ያህል መውጣት አለበት፤ እየወጣም በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። ለዚህ አሥር አሥራ አንድ ደቂቃ ይወስድበታል፤ ከፍታው ላይ ሲደርስ ከቦሌ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሚንጃር አካባቢ ይሆናል።

መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ ዝቅ ያለ ነው። የድሬዳዋ ማረፊያ ከፍታ 1170 ሜትር ያህል ስለሆነ ከቦሌ ግማሹ ነው። ከ7000 ሜትር ወደዚያ ለመድረስ 5800 ሜትር ያህል መውረድ ያስፈልጋል። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የቆየ የጣት ስሌት አለ፦ ለእያንዳንዱ አንድ ሺህ ጫማ ሦስት የባሕር ማይል። በእኛ ቋንቋ ስናስቀምጠው አንድ ኪሎ ሜትር ዝቅ ለማለት ወደፊት 18 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። በ5.8 ሲባዛ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ አብራሪው ለድሬዳዋ መውረድ የሚጀምረው ገና ሚኤሶን አልፎ አፍደም ሳይደርስ ነው። ጆሮ መደፈን የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ሁለቱን ስናያይዛቸው ይህ አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርረው ከሚንጃር እስከ ሚኤሶ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም አሥራ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜ ወይ መሬት ላይ ነው፣ ወይ እየወጣ ነው፣ ወይ እየወረደ ነው። ሻይ የምታቀርበው አስተናጋጅ የምትጣደፈው ለዚህ ነው፤ የተሰጣት አሥራ አራት ደቂቃ ብቻ ነው።

«ታዲያ በጄት ቢሆን አያጥርም?» ያጥራል፤ በጥቂቱ። ቦይንግ 737 ከፍታውን ይዞ ሲበርር በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ትርፉ ግን የሚታየው በዚያው በመካከለኛው ቁራሽ ላይ ነው፤ አሥራ አራት ደቂቃውን ወደ አሥራ አንድ ያወርደዋል። ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። ቦሌ ላይ አንድ አውሮፕላን ከፊት ቢሰለፍ ይህችው ሦስት ደቂቃ ትሄዳለች። በመርሐ ግብሩ ላይ በጄትና በፕሮፔለር መካከል ብዙ ልዩነት የማይታየው ከዚህ የተነሳ ነው።

ነፋስም እንዲሁ ነው። ወደ አውሮፓ በሚደረግ በረራ ነፋስ የጉዞውን ጊዜ በብዙ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። እዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋ ወይም ከፊት ቢመጣ ሰው ሰዓቱን አይቶ ልብ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ነፋስ በዚህ መስመር ላይ ጉልበቱን የሚያሳየው በሌላ በኩል ነው፤ ማኮብኮቢያው ላይ።

አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። የቦሌ ሁለቱም ማኮብኮቢያዎች ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የተዘረጉ ናቸው። ነፋሱ ከምስራቅ ሲመጣ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አውሮፕላን ወደ ምስራቅ ይነሳና ሳይዞር መንገዱን ይቀጥላል። ይኸው ነፋስ ከድሬዳዋ የሚመለሰውን ግን ያስቸግረዋል። ከምስራቅ መጥቶ ወደ ምስራቅ ማረፍ ስላለበት ቦሌን በመስኮት እያየ ያልፈዋል፣ ከተማውን ወደ ምዕራብ ያቋርጣል፣ ዞሮ ይመለሳል። ተሳፋሪው ሕንፃዎቹን ለይቶ ካወቀ በኋላ ገና ብዙ ደቂቃ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። «ደርሰናል እኮ፣ ምን ያዞሩናል» የሚል ሰው ከአጠገባችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

የድሬዳዋው ማኮብኮቢያ አቀማመጡ ሌላ ነው፤ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምስራቅ ነው የተዘረጋው። ከምዕራብ የሚመጣ አውሮፕላን ከሰሜን ምዕራቡ ጫፍ እንዲያርፍ ከተፈቀደለት ወደ ቀኝ ታጥፎ ይገባል፤ ነፋሱ ተገልብጦ ከሌላኛው ጫፍ እንዲያርፍ ከተባለ ግን ማረፊያውን አልፎ፣ ከተማውና ተራራው ባሉበት በኩል ዞሮ መምጣት አለበት። የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነው። ካረፈ በኋላ ግን ድሬዳዋ ቦሌን ታስንቃለች፦ ሰልፍ የለም፣ ረጅም መንዳት የለም፣ አውሮፕላኑ ቶሎ ይቆማል፣ መንገደኛው በእግሩ ወደ ሕንፃው ይገባል።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአንድ ሰዓቱ ስሌት አያስፈልግም፣ ግን ደስ ይላል። ወደ ምስራቅ የሚበርር አውሮፕላን ጎዶሎ ቁጥር ያለው ከፍታ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ 21 ሺህ ወይም 23 ሺህ ጫማ። ወደ ምዕራብ የሚበርረው ሙሉ ቁጥር ይይዛል፤ 22 ሺህ ወይም 24 ሺህ። በአንድ መስመር ላይ ከፊትና ከፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች ቢያንስ በአንድ ሺህ ጫማ ተለያይተው ይተላለፋሉ። ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ ሲሄዱና ከድሬዳዋ ሲመለሱ የሚበርሩበት ከፍታ አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ አንባቢ በቀላሉ የሚይዘው ስሌት ይወጣል። የአየር ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስዶ ለአሥር ማካፈል፣ ከዚያ ሃያ አምስት መደመር፤ የሚገኘው ቁጥር በደቂቃ የትኬቱ ጊዜ ነው። አሥሩ የመጣው አውሮፕላኑ መውጣቱና መውረዱ ታስቦ በአማካይ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ከሚል ነው። ሃያ አምስቱ ርቀቱ ረዘመም አጠረም የማይቀረው የመሬት ላይ ጊዜና የመዞሪያው ጊዜ ነው። ለድሬዳዋ 34 ሲደመር 25፣ 59 ደቂቃ። ባሕር ዳር ከቦሌ 333 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እሱም አንድ ሰዓት ገደማ ይወጣለታል። ጅግጅጋ 455 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ከአሥር። መቀሌ 500 ኪሎ ሜትር፤ አንድ ሰዓት ከሩብ። ስሌቱ ግምት ነው፤ ዓመት በዓል ሰሞን ቦሌ ሲጨናነቅ አይሠራም።

ሃያ አምስቷ ደቂቃ ቋሚ በመሆኗ በጣም የምትጎዳው አጭሩን በረራ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ጅግጅጋ ማረፊያ በአየር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስሌታችን 12 ሲደመር 25፣ 37 ደቂቃ ይሆናል። ከጊዜው ሁለት ሦስተኛው ከርቀቱ ጋር የማይገናኝ ነው ማለት ነው። መኪናው በሐረር፣ በባቢሌና በካራማራ አድርጎ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሦስት ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። 37 ደቂቃው በጣም ያጓጓል። ግን ማረፊያው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከማረፊያው ወደ ከተማ መግባት ሲደመር ከመኪናው ጋር እኩል ይወጣል። በዚህ ርቀት ላይ መንገድ አየርን ያሸንፋል፤ ባይሆን እንኳ አይሸነፍም። ጅቡቲ ትንሽ ይሻላል፦ ከድሬዳዋ 255 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሃምሳ ደቂቃ። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሚጠወልግ ጭነትም ይህ ቁጥር ትርጉም አለው፤ አወዳይ ላይ ጫት የሚነግድ ሰው የደቂቃን ዋጋ ከማንኛችንም በላይ ያውቃል።

ሙቀቱም ሊረሳ አይገባም። ሞቃት አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፍን የሚደግፈው ያንሳል፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ይቀንሳል። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ 1170 ሜትር ላይ ያለው ማኮብኮቢያ ለአውሮፕላኑ 2150 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል። ሙቀቱ ቆላማዋን ከተማ ለአውሮፕላኑ ደጋ ያደርጋታል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ክብደቱም በጥንቃቄ ይሰላል። ይህ የበረራውን ደቂቃ ብዙም አይነካም፤ ምን ያህል ጭነት አብሮ እንደሚነሳ ግን ይወስናል። የጠዋቱ በረራ ለሰውም ለሞተሩም ይመቻል።

ለሐረር ሰው ስሌቱ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ሐረር መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ የራሷ ማረፊያ የላትም፤ የሐረር ሰው የሚሳፈረው ድሬዳዋ ወርዶ ነው። ምክንያቱ አሮጌ ነው። በ1895 ዓ.ም. የፈረንሳዮቹ ባቡር ሐረር ድረስ መውጣት ከብዶት ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ቀረ፤ ድሬዳዋም ከዚያ ተወለደች። ያው ሜዳ በኋላ ለአውሮፕላኑም ተመቸ። የማረፊያው ስም ግን የሐረር ነው ቢባል ያስኬዳል፦ ማረፊያው የተሰየመባቸው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ የራስ መኮንን ልጅና ከአባታቸው በኋላ የሐረር ገዥ ነበሩ። ሐረርጌዎች በስሙ ይጽናኑ።

እንግዲህ ከሐረር የሚነሳ ሰው በዓለማያና በደንገጎ አድርጎ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል። ሐረር ያለችው 1885 ሜትር ላይ ነው፤ ከደንገጎ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ደግሞ መቅደም አይቻልም። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝለት። ማረፊያው ላይ ሁለት ሰዓት፣ በረራው አንድ ሰዓት፣ ቦሌ ላይ ሻንጣ ተቀብሎ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት። ከቤት እስከ ቦሌ በር አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ስለሚሄድ አየሩ አሁንም ያዋጣል። የተገኘው ትርፍ ግን በትኬቱ ላይ እንዳለው ያህል አይደለም። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በአውሮፕላን መሄድ የሚያስብ ካለ ደግሞ ይተወው፤ ጅግጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምስራቅ ሆና ሳለ በመጀመሪያ ወደ ኋላ ድሬዳዋ መውረድ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከፊዚክስ ጋር አይገናኝም፤ በረራ በማስመለጥ ግን ከነፋሱም ከሙቀቱም ይበልጣል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:00 ከተባለ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 13:40 ከሰዓት በኋላ 7፡40፤ 19:15 ምሽት 1፡15 ነው። ከ06:00 በፊት ላለው ስድስት መደመር፣ ከዚያ እስከ 12 ላለው ስድስት መቀነስ ይበቃል፤ 06:30 ሲመጣ ግን ቅናሹ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስለሚያስቀር ንጋት 12፡30 መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ላለው 12 ቀንሶ፣ ከዚያ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው። ለወላጆቻቸው ትኬት የሚልኩ ልጆች ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈው ቢያያይዙላቸው ብዙ ችግር ይቀንሳል። ቦሌ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ በአንድ የሰዓት ክልል ስለሆኑ በመካከላቸው የሚቀየር ሰዓት የለም፤ ጅቡቲ ሲሄዱ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም።

ከድሬዳዋ ተነስቶ ቦሌ ላይ የውጭ በረራ የሚቀጥል ሰው ቀኑንም ይመልከት። ትኬቱ ላይ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን እስኪነጋ ድረስ ሌሊቱ የትናንቱ ነው። «ረቡዕ 00:30» ተብሎ የተጻፈ በረራ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡30 ላይ የሚነሳው ነው። ለዚህ መንገደኛ የሚሆነው የድሬዳዋ በረራ የማክሰኞ ከሰዓት በኋላው ነው፤ የረቡዕ ጠዋቱን የቆረጠ ሰው ቦሌ የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነው።